ከማዕረጉ በፊት ጥያቄው

በየዓመቱ መስከረም ላይ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሳይንስ ዲፓርትመንቶች ውስጥ አዳዲስ ፊቶች ይታያሉ። በረዳት ምሩቅነት ገና የተቀጠረችው፣ ማስተርሱን ጨርሶ ሌክቸረር የተባለው፣ ሦስተኛ ዲግሪውን ይዞ ከውጭ የተመለሰው፣ ሁሉም በአንድ ጠባብ ቢሮ ውስጥ ተጣበው ይቀመጣሉ። ምክር አያጡም። «ቶሎ ቶሎ አሳትም» ይላል አንዱ። «ስኮላርሺፕ ፈልግና ውጣ» ይላል ሌላው። «ፕሮጀክት ያላቸውን ሰዎች ተጠጋ»፣ «ኮሚቴ ውስጥ አትግባ»፣ «ማዕረግህን እስክትይዝ አንገትህን ደፍተህ ሥራ»። ይህ ሁሉ ከኑሮ የተቀዳ ምክር ነውና ከንቱ አልለውም። የሚያሳስበኝ ከመካሪዎቹ አንዱ እንኳ «ለመሆኑ ምን ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብሎ አለመጀመሩ ነው።

በእኔ እምነት ጀማሪ ሳይንቲስት በመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ዓመታት ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት የራሱ የሆነ የምርምር ጥያቄ ነው። አድቫይዘሩን፣ የሚሄድበትን አገር፣ የሚያሳትምበትን ጆርናል፣ የገንዘብ ምንጩን መምረጥ ያለበት ከዚያ ተነስቶ ነው። ብዙዎቻችን ግን በተገላቢጦሽ እንሄዳለን። ስኮላርሺፑ በተገኘበት አገር፣ አድቫይዘሩ በሰጠን ርዕስ፣ ፕሮጀክቱ በከፈለበት ጉዳይ እንሠራለን። አሥር ዓመት ሲሞላ በአምስት የማይገናኙ ርዕሶች ላይ የጻፈ፣ በአንዳቸውም ላይ ግን «እርሱን ጠይቁት» የማይባል ሰው ይወጣል።

ስለዚህ ጉዳይ ባሰብኩ ቁጥር ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የአክሊሉ ለማ ታሪክ ነው። ብዙ ሰው ታሪኩን እስከ ግማሹ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርቱን ተከታትሎ የተመለሰ ወጣት ተመራማሪ ነበር። ወደ ዓድዋ የሄደው ቢልሃርዝያን ሊያጠና ነው። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ትል የሕይወቱን አንዱን ምዕራፍ የሚያሳልፈው ውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ሰውነት ስለሆነ፣ የአክሊሉም ዓይን ያረፈው ቀንድ አውጣዎቹ ላይ ነበር። እዚያም አንድ ነገር አስተዋለ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይታያሉ፤ ከዚያ ወጣ ሲሉ ግን በሕይወት አሉ። ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ እንድታፈስለት ጠየቃት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እስከዚህ ያለው በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። ለጀማሪ ተመራማሪ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አክሊሉ ከዓድዋ ሲመለስ ያየውን ጽፎ፣ አሳትሞ፣ ወደ ሌላ ርዕስ መሻገር ይችል ነበር። አልተሻገረም። በዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አቋቁሞ ሥራውን ቀጠለ። ባልደረባው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን እያመረተና ኃይላቸውን እያነጻጸረ፣ 44 ቁጥር የተሰጠውን ዓይነት ለይቶ አወጣ። በዓድዋ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው ሙከራም የበሽታው ስርጭት በትንንሽ ልጆች ላይ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሁለቱ ሰዎች ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከወንዙ ዳር እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት መሆኑ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ሁሉም ነገር አልተሳካም። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ የቀንድ አውጣ ማጥፊያ ኬሚካል በገበያ ላይ ነበር። እንዶድ በነጻ ይበቅላል፤ እናቶች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ይሁንና ዓለም አቀፍ ተቋማት ለሰውና ለእንስሳት አለመጉዳቱ እነርሱ በሚቀበሉት የምርመራ ሥርዓት፣ ደረጃውን በጠበቀ ላቦራቶሪ እንዲረጋገጥ ይሹ ነበር። ያንን ለማድረግ የሚያስፈልገው ላቦራቶሪም ገንዘቡም አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም። ብዙ ዓመታት ያለፉት በዚህ ነው። ለታላቁ ተመራማሪ እስከ ዛሬ አዝንለታለሁ፤ ለወጣቶቻችን የምለው ግን ከሐዘኔ ይለያል። ግኝቱን ተቀባይ የሚያደርገው ምርመራ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚሠራው፣ በስንት ብር እንደሚሠራ ከመጀመሪያው ፕሮፖዛል ጀምሮ አብሮ ይታሰብ። «ውጤቱን ካገኘሁ በኋላ ይደረስበታል» የሚባለው ነገር አሥር ዓመት ሊበላ ይችላል።

ታዲያ ጥያቄው እንዴት ይመረጣል? እኔ ራሴ ወጣቶችን የምጠይቃቸው አስቀድሜ ስለ ቁሱ ነው። የምታጠናው ነገር እዚህ አለ ወይ? ተክሉ፣ አፈሩ፣ በሽታው፣ ቅሪተ አካሉ፣ የአየር ንብረቱ መዝገብ፣ ሕሙማኑ? እዚህ ያለ ነገር ከሆነ የሀብታም አገር ላቦራቶሪ የሌለው አንድ ብልጫ በእጅህ ነው፤ በየዓመቱ፣ በየወቅቱ ተመልሰህ ልታየው ትችላለህ። ቀጥዬ የምጠይቀው ስለ ሪኤጀንት ነው። ያዘዝከው ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ እጥረት ወይም በጉምሩክ ስምንት ወር ቢዘገይ፣ በእነዚያ ስምንት ወራት የምትሠራው ሥራ አለህ ወይ? ከጥያቄው ቢያንስ አንዱ ክፍል በማስታወሻ ደብተር፣ በመስክ ጉዞ፣ በማይክሮስኮፕና በአንድ ላፕቶፕ ሊመለስ የሚችል መሆን አለበት። ሙሉ በሙሉ በማሽን ላይ የተንጠለጠለ ፕሮፖዛል ይዞ የተቀመጠ ረዳት ፕሮፌሰር ማሽኑ ሲበላሽ ሥራውም አብሮ ይቆማል። ጠጋኝ እስኪመጣ ሁለት ዓመት የጠበቁ ሰዎችን አውቃለሁ።

ከዕፅዋት ሳይንስ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቀቀ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ መካከል ለሦስት አሥርት ዓመታት የቆየ ትብብር ነው። ከስዊድን በኩል ኢንጋ ሄድበርግ፣ ከኢትዮጵያ በኩል ሰብስቤ ደምሰው ከግንባር ቀደሞቹ መካከል ነበሩ፤ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች ተገልጸዋል። የሥራው መሠረት መስክ ወጥቶ መሰብሰብ፣ ናሙናውን አድርቆ በሄርባሪየም ማስቀመጥ፣ ማነጻጸር፣ መግለጽ ነው። በዚያ ሂደት ውስጥ ስንት ወጣት ኢትዮጵያዊ የዕፅዋት ሊቅ ሆኖ ወጣ! ዛሬ ስለ አገራችን ተክሎች መድኃኒትነት፣ ስለ ደን፣ ስለ ማር የሚጽፍ ሁሉ ያንን መዝገብ ሳይገልጥ አይጽፍም። ዘመን የማይሽረው ሥራ ማለት እንዲህ ነው።

የዘረሰናይ ዓለምሰገድም መንገድ ከዚህ አይርቅም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ተምሮ፣ በብሔራዊ ሙዚየም ሠርቶ፣ በፓሪስ ዶክትሬቱን ካገኘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 በአፋር ዲኪካ የራሱን የመስክ ሥራ ጀመረ። ዶክትሬቱን ከያዘ ገና አንድ ዓመቱ ነው! በታዋቂ ፕሮፌሰር ቡድን ውስጥ ሁለተኛና ሦስተኛ ስም ሆኖ መኖር ይቀልለው ነበር። በ2000 መጨረሻ «ሰላም» የተባለችው የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን ቅሪተ አካል ተገኘች። አጽሟ በጠጣር የአሸዋ ድንጋይ ተውጦ ስለነበር፣ አሸዋውን በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት እያነሱ ማላቀቅ ዓመታት ወሰደ። ኔቸር ላይ የወጣው በ2006 ነው። በእነዚያ ዓመታት የሰውየው ዓመታዊ ሪፖርት በጽሑፍ ቁጥር ብቻ ቢመዘን ኖሮ ምን ይባል እንደነበር አስቡት።

የቁጥሩ ነገር ከተነሳ ሳልናገር አላልፍም። የማዕረግ ዕድገት መመሪያዎቻችን የአገልግሎት ዓመትንና የጽሑፍን ብዛት ይቆጥራሉ። ቆጠራው የራሱ ምክንያት አለው፤ ዕድገት በዝምድናና በውለታ እንዳይሰጥ ይከላከላል። ነገር ግን ቁጥር ብቻ ሲቀር ሰው ለቁጥሩ ይሠራል። አንዱን ጥናት ለሦስት ይከፍለዋል። ላልሠራ ባልደረባ ስም ይጨምርና እርሱም በተራው ስሙን እንዲጨምርለት ይጠብቃል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ገንዘብ እየተቀበሉ ያለ እውነተኛ ግምገማ የሚያትሙ ጆርናሎች መረብ ነው። በኮሎራዶ ይሠራ የነበረ ጄፍሪ ቢዮል የተባለ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እነዚህን አሳታሚዎች ለዓመታት ሲዘረዝር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 መዝገቡን ከኢንተርኔት አነሳው። ከዚያ ወዲህ ጀማሪው ራሱ መመርመር አለበት። ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው። ሳታውቀው በኢሜል «ክቡር ፕሮፌሰር» ብሎ ጽሑፍ የሚለምን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ «ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል፣ ከሕክምና እስከ ምሕንድስና ሁሉን በአንድ እትም የሚያወጣ፣ አርታኢዎቹን ጽፈህ ብትጠይቃቸው በቦርዱ ውስጥ መኖራቸውን የማያውቁ፣ ከእንደዚህ ዓይነቱ ራቅ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በእንዲህ ያለ ጆርናል የተገኘ ማዕረግ ከጊዜ በኋላ ውጭ አገር ሲያመለክቱ፣ ግራንት ሲጠይቁ፣ ተማሪ ሲያማክሩ ጣጣው ይከተላል።

ብዙዎች ለማሳተም ገንዘብ የለንም ሲሉ እሰማለሁ። በርካታ ዕውቅ አሳታሚዎች ከኢትዮጵያ ለሚላክ ጽሑፍ ክፍያቸውን ይቀንሳሉ ወይም ፈጽሞ ይተዋሉ፤ ጠያቂው ግን ከማስገባቱ በፊት መጠየቅ አለበት። ለማንበብም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ሂናሪና እርሱን ተከትለው የመጡት በሪሰርች ፎር ላይፍ ጥላ ሥር ያሉ አገልግሎቶች ለአገራችን ተቋማት በነጻ ክፍት ናቸው። የይለፍ ቃሉ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ዘንድ ይገኛል። ስንት መምህር ወደዚያ ቢሮ ሄዶ ጠይቆ ያውቃል? የአገር ውስጥ ጆርናሎችንም አንናቅ። የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ሲኔት ደግሞ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታተማሉ። ስለ አንድ ወረዳ የወባ ስርጭት የተጻፈ ጥሩ ጥናት የጤና ቢሮው ሐኪም በሚያነበው ጆርናል ቢወጣ፣ ማንም በማያነበው «ኢንተርናሽናል» ከሚወጣ እጅግ ይሻላል።

ወደ ውጭ ስለ መሄድ። ይሄዱ፤ ያለ ምንም ማቅማማት ይሄዱ። የሰገነት ቀለሙ ሕይወት የሚያሳየው ሰው ከአገሩ ርቆም ጥያቄውን ይዞ መጓዝ እንደሚችል ነው። ፍኖተ ሰላም የተወለደችው ሰገነት በአሜሪካ ካንሳስ ዶክትሬቷን፣ በኮርኔል ድኅረ ዶክትሬቷን ሠርታ፣ ከ1992 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዓለም አቀፍ የትሮፒካል ግብርና ማዕከል በመኖ ሣርና ጥራጥሬ በሽታዎች ላይ ሠራች። ከሠራችባቸው ሣሮች አንዱ ብራኪያሪያ ነው፤ ትውልዱ አፍሪካ ሆኖ በደቡብ አሜሪካ ብዙ ከብት የሚቀልብ ሣር። በ2007 ወደ ናይሮቢ ስትመጣ ያንን ዕውቀት ይዛ ወደ ሣሩ አገር ተመለሰች። ከ2013 እስከ 2023 በኬንያ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔን መርታለች፤ በ2014 የሎሬአልና ዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተሸልማለች። አሥራ አምስት ዓመት በአንድ ቦታ፣ በተቀራራቢ ጥያቄዎች ላይ! በየሁለት ዓመቱ አገርና ርዕስ የሚቀይር ሰው እዚህ አይደርስም።

የሚሄዱት ግን ከአገሩ ይልቅ አድቫይዘሩን ይምረጡ። የዩኒቨርሲቲውን ስም ከማየት በፊት ያ ፕሮፌሰር ከዚህ በፊት ያስመረቃቸው ተማሪዎች ዛሬ የት እንዳሉ ይታይ። በስንት ዓመት ጨረሱ? በጽሑፎቻቸው ላይ የመጀመሪያው ስም የማን ነው? ከተማሪዎቹ ለሁለቱ ኢሜል መጻፍ ነውር የለውም፤ ብዙውን ጊዜ በግልጽ ይመልሳሉ። መቼም በባህላችን ታላቅን እንዲህ መመርመር ድፍረት ይመስላል። ለአራት ዓመት ሕይወትህን የምትሰጠውን ሰው ሳታውቅ መሄድ ግን በራስ ላይ መጨከን ነው። ሳንድዊች የሚባለው ፕሮግራም፣ ማለትም ግማሹን እዚያ ግማሹን እዚህ የሚሠራው፣ ጥያቄው የአገር ውስጥ ለሆነ ሰው እጅግ ጠቃሚ ነው። ቤተሰብ አይበተንም፤ ናሙናውም በእጅ ይቆያል።

ናሙና ካልኩ አይቀር ስለ ስምምነት። ጀማሪ ተመራማሪ የአፈር፣ የደም ወይም የዘር ናሙና ይዞ ሲሄድ ወይም ሲልክ የሚፈርመውን ወረቀት ያንብብ። ባለቤቱ ማን ነው? ውጤቱ ሲታተም የማን ስም ይወጣል? ትርፍ ቢገኝ ለማን? አገራችን የዘረመል ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482ን በ1998 ዓ.ም. ያወጣችው ለዚህ ነው። የጤፍን ጉዳይ ማንም አይዘነጋም። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደረገ፤ በ2007 ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የፈጠራ መብት አገኘ፤ የሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ ያንን መብት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። በአገር ደረጃ እንዲህ ከሆነ አንድ የሃያ ስድስት ዓመት ረዳት ተመራማሪ ብቻውን ምን ያህል ሊታለል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በማቀዝቀዣ ሣጥን ናሙና ልኮ በጽሑፉ መጨረሻ በምስጋና ብቻ የተጠቀሰ ወጣት ብዙ ነው። ስለ ስም አወጣጥ የሚነጋገሩት ናሙናው ከመላኩ በፊት ነው፤ ከተላከ በኋላ ድርድር የለም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለወጣቱ ነው። ጭነቱን በእርሱና በእርሷ ላይ ብቻ መጣል ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በደመወዝ ቤት ኪራይ መክፈል ያልቻለ ሌክቸረር በማታና በቅዳሜ የግል ኮሌጅ ያስተምራል፣ ኮንሰልታንሲ ይፈልጋል፤ ማን ይፈርድበታል? ሴቶች ሲሆኑ ደግሞ ዶክትሬት የሚሠራበት ዕድሜና ልጅ የሚወለድበት ዕድሜ አንድ ነው። በወሊድ ያለፈውን ጊዜ ከማዕረግ ቆጠራ የማያወጣ ዲፓርትመንት ሴት ሳይንቲስት አነሰን ብሎ ሊያዝን አይገባውም። ይህንን ለማስተካከል የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።

ዲፓርትመንት ኃላፊዎች ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ያለ ተጨማሪ በጀት ሊያደርጉ የሚችሏቸው ነገሮች አሉ። አዲስ የተቀጠረ መምህር ማንም የማይፈልጋቸውን አራት ኮርሶች በአንድ ጊዜ ተሸክሞ እንዲጀምር ማድረግ የቆየ ልማድ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱ ይቀነሱለት፤ የተቀሩትን ነባሮቹ ይካፈሉ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ከሰዓት ለሴሚናር ይያዝ፤ ጀማሪው ያልተጠናቀቀ ሥራውን ያቅርብ፤ ፕሮፌሰሮቹም እዚያው ተቀምጠው ይስሙ፣ ይጠይቁ። የማዕረግ ኮሚቴዎች ደግሞ ከጽሑፍ ቁጥር አጠገብ ሌላ ነገር ማየት ይጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተረቀቀው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሰው የሚመዘነው በታተመበት ጆርናል ስም ሳይሆን በሥራው ይዘት ይሁን። በሄርባሪየም የተቀመጠ በትክክል የተሰየመ ናሙና፣ ሌሎች የሚጠቀሙበት የመረጃ ቋት፣ ለግብርና ቢሮ የተሠራ የአፈር ካርታ፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የተጻፈ የላቦራቶሪ መመሪያ፣ እነዚህ ሁሉ የምርምር ውጤቶች ናቸው፤ ነጥብ ይሰጣቸው። አመልካቹም ከጽሑፎቹ ዝርዝር በፊት በአንድ ገጽ ላይ ጥያቄው ምን እንደሆነ፣ እስካሁን ምን እንደደረሰበት፣ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ምን እንደሚሠራ ይጻፍ። ኮሚቴው መጀመሪያ የሚያነበው ያንን ገጽ ይሁን።